ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ዘይት ከየት መጣ? የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት መፍሰስ

በጥሊሊ ከተማና በጓጉሳ ሽኩዳድ ቀበሌዎች፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በቡሬ ያላችሁ፣ አሁን መሪ ጨብጣችሁ የምትሰሙን ሾፌሮችና ከጎናችሁ የተቀመጡ ረዳቶች፣ በየጋራዡ ግራሶ በእጃችሁ ላይ ያለ መካኒኮች፣ መኪናችሁን ለሾፌር ሰጥታችሁ ስልክ የምትጠብቁ ባለንብረቶች፣ የዛሬው ትምህርት ለእናንተ ነው። ርእሳችን ከካምቢዮና ከዲፈረንሻል የሚፈስ ዘይት ነው።

የሞተር ዘይት ሲያልቅ ከመሪው ፊት ቀይ መብራት ይበራል። የራዲያተር ውሃ ሲሞቅ መርፌው ሽቅብ ይወጣል። እኛ አገር በሚነዱት አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ግን የዲፈረንሻል ዘይት ማለቁን የሚናገር መብራትም መርፌም የለም። የሚናገረው ከሥር የሚወድቀው ጠብታ ብቻ ነው። ጠብታው ካልታየ ቀጥሎ የሚመጣው ጩኸት ነው፤ ጩኸቱ ሲሰማ ደግሞ ጥርሱ ተበልቷል፣ ኩሽኔታውም ተጎድቷል ማለት ነው። ያኔ ዘይቱን በሚያግደው አንድ ኦይል ሲል ያልቅ የነበረው ሥራ የዲፈረንሻሉን ጥርሶች፣ ኮሮናና ፒኞን፣ ወደ መግዛት ይሄዳል። ያንን ሒሳብ የከፈለ ባለንብረት ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

«አንድ ጠብታ ምን ያደርጋል? እየጨመርን እንሄዳለን» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። መኪናው ሲሄድ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢጥል፣ በቀን 8 ሰዓት ሲነዳ 2,880 ጠብታ ይሆናል። 20 ጠብታ በግምት 1 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ በቀን ወደ 144 ሚሊ ሊትር፣ በሁለት ሳምንት ደግሞ 2 ሊትር ዘይት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የብዙ ሚኒባሶችና ፒክአፖች ዲፈረንሻል ሲሞላ የሚይዘው ዘይት ከ2 እስከ 4 ሊትር ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ወይም ሁሉም አልቋል።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ለእነዚህ ክፍሎች ቀላል አይደለም። ጥሊሊ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። ከአዊ ድንች፣ ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አይሱዙ በአንድ ጉዞ ውስጥ ከደጋው ብርድ ተነሥቶ ዓባይ በረሃ ሙቀት ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያም ጭነቱን ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ክረምቱ ረጅም ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ መኪና የኋላ አክስሉ በጭቃ ተለስኖ ይመለሳል። ጭቃው፣ ሙቀቱና ጭነቱ አንድ ላይ ሆነው የሚያመጡትን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የዛሬው ትምህርት ዋና ነገር እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አጥብቄ የምላችሁ ይህ ነው፦ ዘይት ያለ ምክንያት ከቦታው አይወጣም። ሲሉ ከመቀየሩ፣ ሲሊኮኑ ከመቀባቱ በፊት ዘይቱን ገፍቶ ያስወጣው ምን እንደሆነ ይፈለግ። ምክንያቱ ሳይነካ ሲሉ ብቻ ከተቀየረ አዲሱም ሲል ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል፤ ያን ጊዜ ባለንብረቱ ዕቃውን ይሰድባል፣ መካኒኩ ነጋዴውን ይሰድባል፣ ሾፌሩ ደግሞ በየፌርማታው ተንበርክኮ ከሥር ያያል።

እሺ፣ ፍለጋው እንዴት ይጀመራል? ማታ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ከሥሩ ሰፊ ካርቶን አንጥፉ። ጎማው የት ጋ እንደሚያርፍ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ካርቶኑን ስታወጡ ጠብታው የወደቀበት ቦታ፣ ቀለሙና ሽታው አብዛኛውን ይነግራችኋል። ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ቀጭን ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ አምራቾች ቀይ ቀለም የሚጨምሩበት ከሌላው እንዲለይ ብለው ነው። ካረጀ ግን ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ካምቢዮው ውስጡም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ወፍራም፣ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ የሚያደላ፣ አፍንጫን የሚወጋ የድኝ ሽታ ያለው የዲፈረንሻል ወይም የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ነው። ያንን ሽታ አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው አይረሳውም። ጥቁርና የድኝ ሽታ የሌለው የሞተር ዘይት ነው፤ በተለይ የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ከሞተሩ የኋላ ሲልም ከካምቢዮው የፊት ሲልም ሊመጣ ስለሚችል፣ እዚያ ላይ ቀለምና ሽታ ሳይለዩ ካምቢዮ ማውረድ ጉልበትና ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ዘይቱ ራሱ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ዘይቱ የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የምትፈልጉት ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ያለውን ነጥብ ነው። ከሥር ያለውን የደረቀ ጭቃና ዘይት በደንብ አሳጥቡ፤ ላቫጆ ስታስገቡ ከላይ ብቻ አታሳጥቡ። ሲደርቅ የተጠረጠረውን ቦታ የሕፃናት ፓውደር ነስንሱበት። ከ10 ወይም ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሳችሁ እዩ፤ ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ የወጣበት መስመር ተሥሎ ታገኙታላችሁ። ይህ ዘዴ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጥሊሊ ላይም የሚሠራ፣ የትም የሚሠራ ነው።

አሁን ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮ እንግባ። ከካምቢዮው ሥር በብዙ ትንንሽ ቡሎኖች የሚታሰር ዘይት መያዣ አለ፤ ኮፓ እንለዋለን። በኮፓውና በካምቢዮው አካል መካከል ጋስኬት አለ፤ በአንዳንድ የቶዮታ መኪኖች ደግሞ በፋብሪካ የተቀባ ማሸጊያ አለ። ኮፓ ላይ ዘይት ሲታይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቁልፍ አንሥቶ ቡሎኖቹን ማጥበቅ ነው። አንዳንዴ ቡሎኑ በእርግጥ ላልቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን በጥብቅ ላይ ጥብቅ ሲጨመር የኮፓው ከንፈር ቡሎኑ ባለበት ሁሉ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ በሁለት ቡሎኖች መካከል ያለው ክፍል ይከፈትና ዘይቱ ከበፊቱ ብሶ ይወጣል። ጋስኬቱም ተጨፍልቆ ይሰነጠቃል። እነዚህ ቡሎኖች ትንንሽ ናቸው፤ በአብዛኛው የሚፈልጉት ጥብቀት ከ5 እስከ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ይህ በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ብቻ የሚጠበቅ ነው፤ በክንድ ሙሉ ጉልበት የሚሳብ አይደለም። ካምቢዮው ራሱ አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ ካለፈ የቀዳዳው ጥርስ ይላጣል፤ ያኔ ሥራው ከጋስኬት ወደ ቶርኖ ቤት ይሻገራል።

ኮፓው የሚወርድ ከሆነ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ዘይቱ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። መጀመሪያ ዘይቱ በማፍሰሻ ቡሎኑ ይውጣ። ከዚያ ቡሎኖቹን ስትፈቱ በአንድ በኩል ያሉትን ሁለት ሦስት ቡሎኖች አላልታችሁ ተዉአቸው፤ ኮፓው በዝግታ ያዘነብልና የቀረው ዘይት በአንድ ጥግ ይፈስሳል። ኮፓው ውስጥ ማግኔት ታገኛላችሁ። ማግኔቱ ላይ የተጠራቀመው ግራጫ፣ ልስልስ ያለ ዝቃጭ ከሆነ አትደንግጡ፤ ያ የዕድሜ ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚቧጥጥ ቅንጣት ወይም የብረት ስባሪ ካለ ግን ጋስኬት ቀይሮ መዝጋት አይበቃም፤ ካምቢዮው መታየት አለበት።

አሮጌውን ጋስኬት በፌሮና በስለታም ቢላ አትፋቁ። አሉሚኒየሙ ላይ የምትተዉት አንድ ጭረት ነገ የዘይት መውጫ ነው። እንጨት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። የኮፓውን ከንፈር ቀጥ ባለ ብረት ላይ አስደግፋችሁ እዩት፤ ቡሎን ያለበት ቦታ ካበጠ ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት አድርጋችሁ በቀስታ መትታችሁ መልሱት። ሁለቱም ፊቶች ከዘይት ጸድተው ደረቅ መሆን አለባቸው። ፊልትሩንም በዚሁ አጋጣሚ ቀይሩት። አዲሱ ጋስኬት የጎማ ወይም የቡሽ ከሆነ በደረቁ ይግባ፤ ሲሊኮን አትቀቡበት፣ ያንሸራትተዋል። ፋብሪካው ማሸጊያ የሚቀባበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቀጭን መስመር ብቻ ይበቃል። ወደ ውጭ ተርፎ የሚታየው ሲሊኮን ያህል ወደ ውስጥም ተርፏል፤ ያ ተቆርጦ ከዘይቱ ጋር ሲዞር ፊልትሩን ይዘጋዋል። በእኔ እምነት በወፍራም ሲሊኮን ብቻ የተሠራ ጥገና ጥገና አይባልም። ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፤ ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገራችሁ በሁለት በሦስት ዙር አጥብቁ።

ኮፓውን ከመክሰሳችሁ በፊት ግን ሌሎቹን ተጠርጣሪዎችም እዩ፦ ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን የዘይት ቧንቧዎች፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ የሚገባበትን ቱቦ ሥር፣ ከኋላ የሚወጣውን ዘንግ ሲል። ከልክ በላይ የተሞላ ካምቢዮም ዘይቱን በመተንፈሻው በኩል አውጥቶ አካሉን ሁሉ ያረጥበዋል፤ ይህ ፍሳሽ መስሎ ስንቱን አስፈትቷል።

የዘይቱ ዓይነት ነገር ደግሞ ከፍሳሹ ያልተናነሰ ነው። አገራችን ውስጥ ቪትዝ በየከተማው አለ፤ ከቪትዞቹ መካከል ተራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸውም፣ ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ያላቸውም አሉ። ሲቪቲው የራሱ ዘይት አለው፤ ቀዩ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ውስጡ ያለውን የብረት ቀበቶ ያበላሻል። ተራ አውቶማቲኮቹም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቶዮታ ቲ-ፎር የሚለው ዘይትና ደብሊው-ኤስ የሚለው ዘይት አይተካኩም፣ አይቀላቀሉም። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ወይም የመለኪያ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ሳታዩ «ቀይ ዘይት ስጠኝ» ብላችሁ አትግዙ። መለኪያ ዘንግ ባላቸው የቶዮታ ካምቢዮዎች መጠኑ የሚለካው ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ ዞሮ ወደ መቆሚያው ከተመለሰ በኋላ ነው። በብርዱ፣ ሞተር ጠፍቶ ያነበባችሁት ቁጥር ያሳስታችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ወደ ዲፈረንሻሉ ደርሰናል። ከካምቢዮ በረጅሙ ዘንግ የመጣው ኃይል ወደ ሁለቱ ጎማዎች የሚዞረው እዚህ ነው። ኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ነገር ያስፈልጋል። ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ ይህንን ሐሳብ በ1827 እ.ኤ.አ. ለእንፋሎት ሠረገላ አስመዝግቦታል። ዛሬ የኋላ ዲፈረንሻል ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያለው ፒኞን ኮሮናውን የሚነካው ከመሃሉ ዝቅ ብሎ ነው፤ ጥርሶቹ ይገፋፋሉ ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ በከፍተኛ ጫና ይንሸራተታሉ። ተራ ዘይት በዚያ ጫና ተጨምቆ ይወጣል፤ ብረት በብረት ይፋጫል። ለዚህ ነው ጂኤል-5 የሚል ምልክት ያለው፣ ድኝና ፎስፈረስ የተቀመመበት ዘይት የሚያስፈልገው። የሸተታችሁም ያ ድኝ ነው። ይኸው ዘይት ጂኤል-4 ለሚጠይቅ የማንዋል ካምቢዮ ግን ላይስማማ ይችላል፤ ውስጡ ያሉትን የናስ ቀለበቶች የሚበላ ዓይነት አለ። ሁለቱን ከአንድ ጀሪካን የሚሞላ መካኒክ ካለ፣ እባካችሁ መመሪያውን አይቶ ይለይ።

አሁን ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት ላይ ነን። በዲፈረንሻሉ አክስል አናት ላይ አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለች። ብዙ ሾፌር አይቷት አያውቅም፤ አንዳንድ መካኒክም ትዝ አትለውም። ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ የወረደ፣ ጭነት ይዞ ዳገቱን የወጣ ዲፈረንሻል ይሞቃል። ውስጡ ያለው አየር ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ቢደርስና መውጫ ባይኖረው ግፊቱ ከሩብ በላይ ይጨምራል። መተንፈሻዋ ክፍት ከሆነች አየሩ በእርሷ በኩል ይወጣል፣ ችግር የለም። በጭቃ ከተደፈነች ግን ነገሩ እሳት ላይ ተጥዶ ክዳኑ ግጥም ብሎ የታሸገ ድስት ሆነ፤ ግፊቱ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፤ ደካማው ቦታ ደግሞ የሲሉ ከንፈር ነው። ሲል የተሠራው የሚረጭ ዘይት እንዲያቆም ነው፤ ከውስጥ የሚገፋ ግፊት እንዲሸከም አይደለም። ስለዚህ ዘይቱ በፒኞኑ ሲል፣ በጎማው ዘንግ ሲል ይወጣል። ሲሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያፈሳል። መካኒኩ ሲሉን ይቀይራል፣ መተንፈሻዋን አይነካም፤ መኪናው በሚቀጥለው ጉዞ እያንጠባጠበ ይመለሳል።

በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። የሞቀ አክስል ወንዝ ሲሻገር በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። መተንፈሻዋ ተደፍና ከሆነ የሚስበው በሲሉ ከንፈር በኩል ነው፤ የሚገባውም ውሃና ደለል ነው። ዘይቱ ሲከፈት ነጣ ብሎ ደፍርሶ ከታየ ውሃ ገብቶበታል፤ ያ ዘይት ፈጽሞ አያገለግልም፣ ይደፋና አዲስ ይሞላ።

ስለዚህ የዲፈረንሻል ፍሳሽ ባያችሁ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራ መተንፈሻዋን ማየት ይሁን። ዙሪያዋን ጥረጉ፣ ፍቱ፣ በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ ንፉባት፤ ኮፍያ ያላት ከሆነች ኮፍያዋ በነፃነት መንቀሳቀስ አለባት። ዋጋው የአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ነው። ገጠር ለገጠር የሚሠራ መኪና ካላችሁ ከመተንፈሻዋ ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ስባችሁ ጫፉን ከፍ ካለ ቦታ ማሰር ትችላላችሁ፤ አንዳንድ ላንድክሩዘሮች ከፋብሪካ የሚመጡት እንዲሁ ሆነው ነው።

መተንፈሻዋ ንጹሕ ሆና ፍሳሹ ካልቆመ ወደ መጋጠሚያዎቹ እንሂድ። የአሜሪካ ፒክአፖች ዲፈረንሻል ከኋላ የሚፈታ ክዳን ስላለው ጥገናው የኮፓውን ይመስላል። በእኛ መንገድ ላይ የሚበዙት ሃይሉክስ፣ ሃይኤስ ሚኒባስና አይሱዙ ግን ከኋላ የሚታየው ሽፋናቸው የተበየደ ነው፤ የሚፈታው ከፊት ያለው፣ ፒኞኑንና ኮሮናውን የያዘው ቤት ነው። በዚያ መጋጠሚያ ላይ ዘይት ከታየ የጎማ ዘንጎቹ ተስበው፣ ቤቱ ወጥቶ፣ ጋስኬቱ መቀየር አለበት። ከባድ ሥራ ነው፤ ከውጭ ሲሊኮን በመለጠፍ አይዳንም፤ በዘይት በረጠበ ብረት ላይ ሲሊኮን አይጣበቅም።

መሙያና ማፍሰሻ ቡሎኖች ላይ ሲያፈስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራንዴላ ነው። አሮጌ ራንዴላ ሁለተኛ አይጥበቅ፤ ይቀየር። ዲፈረንሻል ዘይት ስትቀይሩ ሁልጊዜ መሙያውን ቡሎን ቀድማችሁ ፍቱ። ማፍሰሻውን ፈትቶ ዘይቱን ደፍቶ ከጨረሰ በኋላ መሙያው ዝጎ እምቢ ያለው ሰው መኪናውን ከጋራዡ ማውጣት አይችልም። መኪናው ደልዳላ ላይ ቆሞ ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታች ከንፈር ሲደርስ በቃ። አንዱን ጎን በክሪክ አንሥቶ «ትንሽ ይጨመር» ማለት ትርፉን ዘይት በሲል በኩል እንዲወጣ መጋበዝ ነው።

የፒኞን ሲል ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ረጅሙ ዘንግ ከመፈታቱ በፊት የገጠመበት ቦታ በምልክት ይያዝ፤ ካልሆነ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ፒኞኑን የያዘው ትልቁ ዳዶ ደግሞ እንደ ሌላው ዳዶ አይደለም። በብዙ መኪኖች ላይ ከሥሩ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ የኩሽኔታዎቹን ጥብቀት የሚወስን ቀለበት አለ። ዳዶው ከበፊቱ አልፎ በረጅም ቧንቧ ተስቦ ከጠበቀ ኩሽኔታዎቹ ታንቀው ይሞቃሉ፤ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ይጀምራል። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት የዳዶው ቦታ ላይ ምልክት ይደረግ፤ መለኪያው ያለው ጋራዥ ጥብቀቱን ለክቶ ይግጠም። ሲሉ ሲወጣ ከንፈሩ ያረፈበት ብረት ላይ በጣት ጥፍር የሚያዝ ቦይ ካለ አዲስ ሲል ብቻ አይበቃም፤ ወይ ብረቱ ይቀየራል፣ ወይ ቀጭን የብረት እጅጌ ይለብሳል። ፒኞኑ በእጅ ሲወዘወዝ የሚንቀሳቀስ ከሆነም ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ሲሉን የበላው እሱ ነው። አዲሱ ሲል ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ ይግባ፤ ከንፈሩ ዘይት ይቀባ፤ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይግባ።

ከሁሉ የከፋው ፍሳሽ ግን መሬት ላይ የማይታየው ነው። በጎማው ዘንግ ሲል የሚያልፍ ዘይት ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ፍሬኑ ታምቡር ይገባል። የፍሬን ሸራው ዘይት ይጠጣል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ዘይት የጠጣ ሸራ ያለው ጭነት መኪና ምን ሊሆን እንደሚችል ሾፌሮች ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መውረድ ደግሞ የቀረችውን ተስፋ ይጨርሳታል፤ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማልና ሸክሙ ሁሉ በዚያው ዘይት በጠጣ ሸራ ላይ ይወድቃል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። በአንዱ የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል፣ ጎማውና ቸርኬው ላይ፣ አቧራ የያዘ እርጥብ መስመር ይታያል። ከቁልቁለት በኋላ ከአንዱ ጎማ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሾፌር ታምቡሩን ሳያስከፍት በረሃ አይውረድ። በአይሱዙ ላይ ክብደቱን የሚሸከሙት የጎማው ማዕከል ኩሽኔታዎች ስለሆኑ ዘንጉ በቀላሉ ይሳባል። በብዙ ሚኒባሶች ግን ዘንጉ ራሱ ክብደት ይሸከማል፣ ኩሽኔታውም በፕሬስ የሚገባ ነው፤ በመዶሻ አይሞከር። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ይጣል። በቤንዚን አጥቦ፣ በእሳት ለብልቦ መመለስ ላይ ላዩን ያደርቀዋል እንጂ ሸራው ሲሞቅ ውስጡ ያለው ዘይት እንደገና ይወጣል። ሲቀየርም የሁለቱም ጎን አብሮ ይቀየር፤ አንዱ ጎን ብቻ አዲስ ከሆነ ፍሬኑ መጎተቱን አይተውም።

ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ሲል አትጣሉ። ፊቱ ላይ የተጻፉት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋቱን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ይነግራሉ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚያመጣላችሁ ሰው የመኪናውን ስም ብቻ ከመንገር ያንን ቁጥር፣ ቢቻል ፎቶውን ጭምር ላኩለት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ እጃችን ላይ ያሉት መኪኖች ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው፤ የኤሌክትሪኮቹም ቢሆኑ የማርሽ ቤት ዘይትና ሲል አላቸው።

ከመኪና ሥር ስትገቡ በክሪክ ብቻ የተደገፈ መኪና አትመኑ። ካቫሌቶ ወይም ወፍራም ግንድ ከሥር ይግባ፣ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። የወጣው አሮጌ ዘይት በጀሪካን ይሰብሰብ። የእኛ አካባቢ ጅረት ወደ ፈጣም ወንዝ፣ ፈጣም ደግሞ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው፤ በመንገድ ላይ ከብትም ሰውም ይጠጣዋል።

ባለንብረቶች ሆይ፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ሾፌሩ ደውሎ «የኋላ ጎማው ዘይት እያመጣ ነው» ሲላችሁ «ጭነቱን አድርስና ስትመለስ ይታያል» አትበሉት። ቡሬም፣ ደብረ ማርቆስም ጋራዥ አለ። እዚያው ያቁም፣ ታምቡሩ ይከፈት፣ ሸራው ይቀየር፣ ከዚያ ይውረድ።